ባክግራውንዱን አጥፋው

የቅርጫት ኳስ ኮከብ ዎልፔፐር መሥራት የሚጀምረው ሰው በማጥፋት ነው። ማጋነኔ አይደለም። ፎቶውን ትከፍታላችሁ፣ የፈለጋችሁትን ተጫዋች ዙሪያውን ትቆርጣላችሁ፣ የቀረውን ሁሉ ታጠፋላችሁ። ተመልካቹ ይጠፋል፣ ዳኛው ይጠፋል፣ ፎጣ አንገቱ ላይ ጥሎ የተቀመጠው ተቀያሪ ይጠፋል፣ እጁን ዘርግቶ ሊያስቆመው የሞከረው ሰውዬም ይጠፋል። የሚቀረው አንድ ሰው፣ አንድ ኳስና ጥቁር ነው።

ጥቁሩ ለማሳመር ብቻ አይደለም፤ ኦሌድ ስክሪን ላይ ጥቁር ማለት የጠፋ ፒክስል ማለት ስለሆነ ባትሪ ይቆጥባል። ባዶ ቦታውም ሥራ አለው። ስልክ ላይ ከላይ ሰዓቱ፣ ከታች አፖቹ ቦታ ይፈልጋሉ። ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ዊንዶውስ ፋይሎቹን በግራ በኩል ስለሚደረድር ተጫዋቹን ወደ ቀኝ መግፋት ይሻላል። 1920 በ1080 የሆነ የኮምፒውተር ስክሪን ሁለት ሦስት ሰው ይይዛል። ያንኑ ፎቶ 1170 በ2532 ወደሆነው ቀጭን የስልክ ስክሪን ስታመጡት ግን ቦታው የሚበቃው ለአንድ ሰው ነው፤ እሱም ቀጥ ብሎ ከቆመ ወይ ከዘለለ። አምስት ለአምስት የሚጫወቱት ጨዋታ ኪሳችን ሲገባ የአንድ ሰው ጨዋታ የሚሆነው ማንም ክፉ አስቦ አይደለም። የስክሪኑ ቅርጽ ነው የወሰነው።

እኔ ቀን ቀን ኮድ እጽፋለሁ። ማታ ዎልፔፐር የምሠራው ለራሴና ለጓደኞቼ ነው፤ ዋናው ምክንያቴ ደግሞ እንቅልፍ እንዳይወስደኝ ነው። የኤንቢኤ ጨዋታ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የሚጀምረው፤ እስከዚያ እጅ የሚያስይዝ ነገር ያስፈልጋል። እጄ ሲቆርጥ ጭንቅላቴ ደግሞ አንድ ጥያቄ ላይ ይመላለሳል፦ አንዱን ሰው ለማድነቅ ሌላውን ማጥፋት ችግር አለው ወይስ የለውም?

ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ይሄን ስነግረው ሳቀብኝ። «አንተ ደግሞ! ዎልፔፐር እኮ ነው። ማን ተጎዳ?» አለኝ። ጥያቄው ቀልድ ቢመስልም ተገቢ ነው። ማን ተጎዳ?

ቶሎ አፍ ላይ የሚመጣው መልስ «እውነቱ ተጎዳ» የሚል ነው። የሆነውን ነገር አዛብተነዋል፣ ስለዚህ ዋሽተናል። ይሄ መልስ ግን ብዙ አያስኬድም። ዲሴምበር 6 ቀን 2010 ሚልዋኪ ውስጥ የተነሳውን ፎቶ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ታሪኩን ባታውቁትም አይታችሁታል። ድዌይን ዌድ ሁለት እጁን እንደ ክንፍ ዘርግቶ ወደ ካሜራው ይመጣል፤ ከኋላው ሌብሮን ጄምስ አየር ላይ ተንሳፎ ኳሱን ቀለበቱ ውስጥ ሊከተው ነው። ዌድ ዞሮ እንኳን አያየውም። ያነሳው የአሶሼትድ ፕሬሱ ሞሪ ጋሽ ነው። (የአባቱ ስም ለእኛ ጆሮ እንዴት እንደሚጥም አያችሁ? እኔማ «ጋሽ ሞሪ» ነው የምለው።) ፎቶውን ያየ ሁሉ ዌድ ኳሱን ወደ ላይ ወርውሮለት ሌብሮን አየር ላይ የቀለበው ይመስለዋል። አልነበረም። ዌድ ያቀበለው መሬት ላይ አንጥሮ ነው፤ ተራ ቅብብል። ፎቶው ላይ ምንም አልጠፋም፣ ምንም አልተጨመረም። ያልነበረውን ያየነው እኛ ነን።

እንግዲህ እጅ ያልነካው ፎቶም ያሳስታል ማለት ነው። ደግሞ ዎልፔፐር ምስክር አይደለም፤ «ነገሩ እንዲህ ነበር» ብሎ የሚምል የለም። በጥቁር ላይ የተንሳፈፈ ሰውዬ ያየ ሁሉ እንደተቆረጠ ያውቃል። ውሸት ለመባል የሚታለል ሰው ያስፈልገዋል፤ እዚህ ማንም አልተታለለም። የባልደረባዬ ሳቅ እስከዚህ ድረስ ልክ ነው።

እኔን የሚይዘኝ ሌላ ቦታ ነው፤ ክንዱ ላይ።

ሰው ቆርጦ ማውጣት ድሮ በእጅ ነበር የሚሠራው። በፔን ቱል ጠርዙን ነጥብ በነጥብ ትከተላላችሁ፤ ጣት በጣት፣ የመረቡን ክር በክር። ፀጉር ላይ ስትደርሱ ሕይወት ያስጠላችኋል። አሁን ከ2022 ጀምሮ፣ አይኦኤስ 16 ከመጣ ወዲህ፣ ስልኩ ራሱ ጣታችሁን ሰውዬው ላይ ስታቆዩ ነቅሎ ይሰጣችኋል፤ ሎክ ስክሪኑ ላይም ሰዓቱን ከሰውዬው ጭንቅላት ኋላ ያስገባዋል። እኔ ግን አሁንም በእጅ መቁረጥ እወዳለሁ፤ ስትቆርጡ ስለምታዩ ነው። አንድ ፎቶ ላይ አርባ ደቂቃ ስታፈጡ፣ የተከላካዩ ክንድ በኮከቡ ደረት ላይ አግድም ተጋድሞ ታገኙታላችሁ። ይሄ ክንድ መውጣት አለበት። ስታወጡት ግን ማሊያው ላይ ቀዳዳ ይቀራል። ካሜራው ከክንዱ ሥር ያለውን ጨርቅ አላየውም። ስለዚህ ከሌላ ቦታ ጨርቅ እየቀዳችሁ ትለጥፋላችሁ፣ የቁጥሩን ግማሽ ራሳችሁ ትጽፋላችሁ፤ ወይም ከ2023 ወዲህ ፎቶሾፕን «ሙላው» ትሉታላችሁ፣ ይሞላዋል።

ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ግን አንድ ነገር አይስተካከልም። ሰውዬው ተጣሟል። ትከሻው ወደ ግራ ሄዷል፣ አንገቱ ተወጥሯል፣ አንድ ጉልበቱ ከሌላው በላይ ወጥቷል። ለምን? የሚገፋው ሰው ስለነበር ነዋ። ገፊው የለም፤ መገፋቱ ግን ሰውነቱ ላይ አለ። ባዶ ጥቁር ውስጥ ማንም ሳይነካው የተጣመመ ሰው እናያለን፤ ያንን ጥምመት ነው «አቤት ውበት» የምንለው። በክንዱ ምክንያት የመጣውን ውበት ወስደን ክንዱን ጣልነው።

ይሄ ለእኔ የእውነት ጉዳይ ሳይሆን የውለታ ጉዳይ ነው። ውለታ የሚባለው ነገር ከእውነት በተለየ ሕግ ይሄዳል። ሳትዋሹ ውለታ መብላት ትችላላችሁ፤ ዝም ማለት ብቻ ይበቃል።

ማርክ ብሊንች የሚባል ፎቶግራፈር ያነሳው አንድ ፎቶ አለ። ሜይ 12 ቀን 2019፣ ቶሮንቶ፣ ሰባተኛው ጨዋታ። ራፕተርስና ፊላደልፊያ 90 እኩል ናቸው። ካዋይ ሌናርድ ጥግ ድረስ ሮጦ፣ ከፊቱ ከያውንዴ የመጣው ግዙፉ ጆኤል ኤምቢድ ተዘርግቶበት፣ ወረወረ። ኳሱ ቀለበቱ ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ጊዜ ነጥሮ ገባ፤ ጨዋታውም በ92 ለ90 አለቀ። ፎቶው የተነሳው ኳሱ ገና እየነጠረ ሳለ ነው። ካዋይ ቁጢጥ ብሏል። ኤምቢድ አጠገቡ ቆሞ አንጋጧል። የቶሮንቶ ተጫዋቾች ከኋላ ተቃቅፈው ይጠብቃሉ፣ ተመልካቹ አፉን ከፍቷል። ሁሉም የሚያየው ፎቶው ውስጥ የሌለውን ኳስ ነው። አሁን ካዋይን ቆርጣችሁ ጥቁር ላይ አስቀምጡት እስቲ። ቁጢጥ ያለ ሰውዬ ነው የምታገኙት። ሌላ ምንም የለም። አውቶቡስ የሚጠብቅ ሊሆን ይችላል። ኮከብ ያደረገው ዙሪያው ነበር፤ ኤምቢድ ጭምር። ኤምቢድ ያን ምሽት ከሜዳ የወጣው እያለቀሰ ነው።

ይሄን ፎቶ ለስልክ ማዘጋጀት አይቻልም ማለት ይቻላል። ሞክሬዋለሁ። ከግራ ብትቆርጡት ኤምቢድ ይሄዳል፣ ከቀኝ ብትቆርጡት ተጠባባቂዎቹ ይሄዳሉ። ስለዚህ ኮምፒውተሬ ላይ ሙሉውን አድርጌዋለሁ፤ ፋይሎቼ የሆኑ ሰዎች ፊት ላይ ተደርድረዋል፣ ምን ይደረግ።

ሳይታይ የሚጠፋ ሌላም ሰው አለ፦ ያነሳው። የአየር ጆርዳን ጫማ ላይ ያለውን እግሩን ከፍቶ የሚዘለውን ሰውዬ ታውቁታላችሁ። ኮ ሬንትሚስተር የሚባል ፎቶግራፈር በ1984 ለላይፍ መጽሔት፣ ጆርዳን ገና የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፣ ሣር ላይ ቅርጫት አስተክሎ እንደ ባሌት ዳንሰኛ እግሩን ከፍቶ እንዲዘል አደረገው። ጆርዳን ሜዳ ላይ እንደዚያ አይዘልም ነበር፤ የፎቶግራፈሩ ሐሳብ ነው። ናይኪ ፎቶውን ለማየት ብቻ በ150 ዶላር ተዋሰ፣ ቆይቶም ከቺካጎ ሕንጻዎች ፊት ለፊት የራሱን ተመሳሳይ ፎቶ አስነሳ። ሬንትሚስተር ሲያማርር ለሁለት ዓመት ፈቃድ 15,000 ዶላር ከፈሉት። ከዚያ ምልክቱ ዓለምን ሞላ። በ2015 ከሰሰ፤ በ2018 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ለናይኪ ፈረደ። የአዘላለሙ ሐሳብ የማንም ንብረት አይሆንም፣ የሚጠበቀው ያ ፎቶ ራሱ ነው አለ። እንደ ሕግ ምክንያቱ ይገባኛል፤ መዝለል የአንድ ሰው ንብረት ከሆነ ነገ ማን ይዘላል?

ጆርዳን ራሱ ግን በዚያው በ2015 ሌላ ክስ አሸንፏል። ዶሚኒክስ የሚባል የቺካጎ ሱፐርማርኬት በ2009 እንኳን ደስ አለህ ብሎ ስሙን ከስጋ ቅናሽ ኩፖን ጋር መጽሔት ላይ በማውጣቱ ዳኞቹ 8.9 ሚሊዮን ዶላር ፈረዱለት። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ ስታዩ፣ ታዋቂው ሰው ስሙን የሚያስከብርበት ብዙ መንገድ አለው፤ እንዲዘል ያደረገው ሰው ግን ጫማችን ላይ ስሙ እንኳን የለም። ሕግ ስለ ንብረት መልስ ይሰጣል። ስለ ውለታ ማንም አልጠየቀውም።

እኛ ኮድ የምንጽፈው ሰዎች ለዚህ የራሳችን ትንሽ ባህል አለን። ኤምአይቲ ላይሰንስ የሚባለው እጅግ ለጋስ ፈቃድ ነው፤ ኮዴን ውሰድ፣ ቀይር፣ ሽጠው፣ የፈለግከውን አድርግ ይላል። የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይህችን ማስታወቂያ ከነስሜ አታጥፋ። ምክንያቱ ገንዘብ አይደለም። አንድ ሰው መጀመሪያ እዚህ እንደነበረ እንዲታወቅ ነው። እኔም በዚሁ ልማድ ዎልፔፐሩ ታች ጥግ ላይ የፎቶግራፈሩን ስም በትንሽ ፊደል እጽፋለሁ። ጓደኞቼ አይወዱትም። «ያቺን ጽሑፍ አጥፍተህ ላክልኝ» ይሉኛል። አልክም።

የዚህ ሁሉ መጨረሻ ጫፍ የኤንቢኤ አርማ ነው። በ1969 አለን ሲገል የሚባል ዲዛይነር ከአንድ የጄሪ ዌስት ፎቶ ተነስቶ ሠራው። መጀመሪያ ባክግራውንዱ ጠፋ፣ ከዚያ ማሊያው፣ ከዚያ ፊቱ። ነጭ ጥላ ብቻ ቀረ። ሊጉ «ጄሪ ዌስት ነው» ብሎ በይፋ አረጋግጦ አያውቅም፤ ሰውዬው ደግሞ በ2024 እስኪሞት ድረስ በአርማው ነገር አንዳንዴ እንደሚከብደው ይናገር ነበር። ሌላውን አጥፍቶ የተጀመረው መቁረጥ ሰውዬውን ራሱን አጥፍቶ አበቃ።

አሁን ወደከበደኝ ነገር ልምጣ። የአክስቴ ልጅ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ቅርጫት ኳስ ትጫወታለች። ትንሽ እያለች ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ኪሎ ሜዳ የሚወስዳት አባቷ ነበር። ዓምና አረፈ። በቅርቡ «የኮቢና የጂጂን ዎልፔፐር ሥራልኝ፣ ክንፍ አድርግላቸው» አለችኝ።

ጃንዋሪ 26 ቀን 2020 ኮቢ ብራያንትና የ13 ዓመት ልጁ ጂያና በሄሊኮፕተር አደጋ ከሞቱ በኋላ እንዲህ ዓይነት ምስል ዓለምን አጥለቅልቆት ነበር። ደመና፣ ክንፍ፣ የብርሃን አክሊል፣ ጀርባቸው ላይ 24 እና 2። ሄሊኮፕተሩ ውስጥ የነበሩት ዘጠኝ ናቸው። አባት፣ እናትና ልጅ የሆኑ የአንድ ቤት ሦስት ሰዎች፣ ሌላ እናትና ልጅ፣ አንዲት አሠልጣኝ፣ አብራሪው። ደመናው ላይ የሉም። እነሱንም የስክሪኑ ቅርጽ አጠፋቸው እንበል?

ክንፉ ግን የስክሪን ጉዳይ አይደለም። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቅ ሁለት ዓይኑ እየታየ ይሳላል፣ ክፉ ሰው በጎን በአንድ ዓይን። እዚህ አገር ያደገ ሰው ይህን ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። ለእኛ አሳሳል ፍርድ ነው፤ ክንፍ ደግሞ የመጨረሻው ፍርድ። በ2003 ኮሎራዶ ውስጥ አንዲት የ19 ዓመት የሆቴል ሠራተኛ ኮቢ ደፈረኝ ብላ አመለከተች፣ ዐቃቤ ሕግም ከሰሰው። በ2004 አልመሰክርም በማለቷ ክሱ ተቋረጠ፤ የፍትሐ ብሔሩ ክስ በ2005 በስምምነት ተዘጋ። እሱ በፈቃዷ ነው ብሎ ያምን እንደነበር፣ እሷ ግን እንደዚያ እንዳላየችው መረዳቱን ገልጾ ይቅርታ የሚጠይቅ መግለጫ አወጣ። እኔ ዳኛ አይደለሁም። ግን ክንፍ ስስል ፈረድኩ ማለት ነው፤ ያቺ ሴት አሁን ትልቅ ሰው ሆና የሆነ ቦታ፣ የሆነ ሰው ስልክ ላይ ያንን ክንፍ ታያለች። ባልደረባዬ «ማን ተጎዳ?» ሲለኝ ፊቷን የማላውቀው እሷ ናት ትዝ ያለችኝ።

እዚህ ላይ ራሴን እንዲህ ብዬ ሞገትኩት፦ ታዲያ ኮቢን ጨርሶ አትሥራው፣ አትቁረጠው። አይሆንም። ከሞቱ በኋላ የሎስ አንጀለስ ካውንቲ ሸሪፍና የእሳት አደጋ ባልደረቦች የአደጋውን ቦታ አስከሬን ሳይቀር ፎቶ አንስተው ለማይመለከተው ሰው ሲያሳዩ ነበር፤ አንዱ መጠጥ ቤት ውስጥ። ባለቤቱ ቫኔሳ ከሰሰች፣ ዳኞቹ በኦገስት 2022 ለእሷ 16 ሚሊዮን ዶላር ፈረዱ። ያስጨነቃት እነዚያ ፎቶዎች አንድ ቀን ኢንተርኔት ላይ እሷ ወይም ልጆቿ ፊት ብቅ እንዳይሉ ነበር። ያ ፎቶና ሜዳ ላይ ሲወረውር የሚያሳየው ፎቶ የአንድ ሰው ናቸው፤ የሚለያቸው አንድ ነገር ነው። መጫወቱን እሱ ሰጥቶናል፤ 81 ነጥብ ያስቆጠረበትን የጃንዋሪ 22 ቀን 2006 ጨዋታ፣ በመጨረሻ ጨዋታው ኤፕሪል 13 ቀን 2016 ያስቆጠረውን 60፣ በፊታችን፣ እያወቀ። ሬሳውን አልሰጠንም። ቅድስናውንም አልሰጠንም። የሰጠውን መውሰድ ይቻላል፣ ያውም ከአቀባዩና ከተከላካዩ ጋር።

ይሄን ሁሉ ለአክስቴ ልጅ አልነገርኳትም። «ክንፍ ለመሳል ይከብደኛል» ብቻ አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና «ለእነሱ እኮ አይደለም» አለችኝ።

እዚህ ጋ ቆምኩ። ለካ ያ ክንፍ ስለ ኮቢ ምንም አይልም። የሌላ ሰው ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ላብ መጥረጊያ ፎጣ ይዞ ሜዳው ዳር የሚቆም ሰውዬ። ፎቶው ውስጥ ከመጀመሪያው ያልነበረ፣ ልንቆርጠውም የማንችል። ስለ ፍርድ ያሰብኩት ሁሉ አልፈረሰም፤ ስለ ክንፉ ያልኩትን አሁንም አምነዋለሁ። ግን ምስል አንዴ ሰው ስልክ ውስጥ ከገባ በኋላ እኔ ያላሰብኩትን ሰው መሸከም እንደሚችል አላሰላሁትም ነበር።

የሠራሁላት ሌላ ነው። ዲሴምበር 2019 ብሩክሊን ውስጥ ኮቢና ጂያና ሜዳው ዳር ጎን ለጎን ተቀምጠው ጨዋታ ሲያዩ፣ እሱ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ የሆነ ነገር ሲያስረዳት የሚያሳየው። ክንፍ የለውም። ከኋላቸው የተቀመጡትን ሰዎች አላጠፋኋቸውም፤ ትንሽ አደበዘዝኳቸው እንጂ። ሰዓቱ አንድ የማላውቀው ሰውዬ ግንባር ላይ ነው የሚያርፈው፤ ቦታ ልቀይረው ብዬ ብሞክር አባትና ልጁን ይነካቸዋል፣ ተውኩት።

ስልኬ ላይ አድርጋው አየችው። «ጥሩ ነው» አለች። ሳምንት ሳይሞላ ከሆነ ቦታ ያወረደችው ክንፍ ያለው ተቀይሮ አየሁ። ምንም አላልኳትም። የእኔን ኮምፒውተሯ ላይ አድርጋዋለች፤ ፋይሎቿን በቀኝ በኩል ነው የደረደረችው፣ እነሱን እንዳይሸፍናቸው።